አንድ ካይት ለሦስት ሰው፦ ናታንያ ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር

ሻሎም! እንደምን አመሻችሁ?

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተም በሩ አጠገብ የቆማችሁ ልጆች፣ ከሥራ ቀጥታ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንበር አለ፤ ኑ፣ ወደ ፊት ተቀመጡ። ቡናው እየተቆላ ነው፤ እኔም አቦሉ ሳይቀዳ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

የተጠራሁበት ጉዳይ ይኼ ነው። የወጣት ማኅበራችን ገንዘብ አዋጥቶ ካይት ሊገዛ ነው። ስንት ካይት? አንድ። ስንት ሰው ሊጠቀምበት? ሃያ ምናምን ሰው። ከነዚህ ውስጥ ገና ቦርድ በምንለው ጣውላ ላይ ቆሞ የማያውቅ አለ። ሁለት ዓመት የተለማመደ አለ። ከማዕበል ላይ ተነሥቶ አየር ላይ ቆይቶ የሚያርፍም አለ። ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ "ይኼ ለሁሉም ይሆናል" ይላችኋል። ለሁሉም ይሆናል ማለት ምን ማለት ነው? ማን ፈትኖት? በየትኛው ንፋስ? ስንት ኪሎ የሚመዝን ሰው ይዞት? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

እናቶች፣ ካይት ስል ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ያናይ ባሕር ስትወርዱ ሰማዩን የሚሞላው ያ ባለ ቀለም ጨርቅ ነው፤ በንፋስ ኃይል ቦርድ ላይ የቆመን ሰው ውኃው ላይ ይጎትታል። ከፊቱ በአየር የተሞላ ወፍራም ትቦ አለው፤ ከትቦው ወደ ኋላ እንደ ጎድን አጥንት የሚወርዱ ሌሎች ትቦዎች አሉት፤ ስትራት እንላቸዋለን። ከሱ ሃያ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ አራት ቀጫጭን ገመዶች ይወርዱና ባር ከምንለው ዘንግ ጋር ይገናኛሉ። ሁለቱ የፊት ገመዶች ጉልበቱን ይይዛሉ፤ ሁለቱ የኋላዎቹ ይመሩታል። ጉተታውን የሚሸከመው ወገባችን ላይ የምንታጠቀው ሃርነስ ነው እንጂ እጃችን አይደለም። ባሩን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ካይቱ ጉልበት ያገኛል፤ ስትለቁት ይበርዳል።

ያ በአየር የተሞላ ትቦ የተገኘው በቀላሉ አይደለም። ለጋኙ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ ብሩኖና ዶሚኒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡት። ምን አስጨነቃቸው? ካይት ውኃ ላይ ሲወድቅ ይሰምጣል፣ ወይም እንደ ረጠበ ነጠላ ተጣጥፎ ይቀራል፤ መልሶ የሚያነሣው የለም። እነሱ ካይቱን እንዲንሳፈፍ አደረጉት። ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት ሲወድቅ ምን ይሆናል ብለው ነው። እኔም ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

አንድ ነገር ከልጅነቴ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ስንመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ጎንደር እያለን አባቴ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ተከትዬው እሄድ ነበር። ሻጩ በሬውን ቀና አድርጎ ያስኬደዋል፣ ሻኛውን ይመታል፣ "ይኼ በሬ መሬት ይሰነጥቃል!" ይላል። አባቴ ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ ቀንበሩን ራሱ ይጭንና ሆን ብሎ ማነቆውን ይፈታዋል። ቀንበሩ አንገቱ ላይ ሲንሸራተት በሬው ምን ያደርጋል? ይቆማል? ወይስ ደንግጦ ይፈረጥጣል? የሚፈረጥጠውን አይገዛም፤ ምንም ያህል ጉልበት ይኑረው አይገዛም። "ሲጎትትማ ሁሉም በሬ ነው" ይለኝ ነበር።

ሲጎትትማ ሁሉም ካይት ነው። ጥሩ ንፋስ ባለበት ቀን፣ ጎበዝ ሰው ይዞት፣ የማያምር ካይት አላየሁም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይኼ ነው፦ ካይቱን ከመፈተናችሁ በፊት ንፋሱንና ሰውየውን መዝኑ። የካይት መጠን የሚለካው በካሬ ሜትር ነው፤ 7፣ 9፣ 10፣ 12 እያለ ይሄዳል። የንፋስ ፍጥነት የምንለካው በኖት ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ንፋሱ ከ12 ኖት ወደ 24 ኖት ሲያድግ ጉልበቱ እጥፍ የሚሆን ይመስለዋል። አይደለም! አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። የንፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ12 ወደ 17 ብቻ ሲደርስ እንኳ እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ማክሰኞ ዕለት "ይኼ ካይት ገር ነው" ቢላችሁ፣ ረቡዕ ዕለት ደግሞ ሌላው "ይኼ አውሬ ነው" ቢላችሁ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ንፋሱን ሳይለካ ስለ ካይት የሚናገርን ሰው አትስሙት።

እኛ ባለፈው ሰኔ ምን አደረግን? አንድ ባለ 10 ካሬ ሜትር ካይት ተዋስን፤ ሦስት ስትራት ያለው፣ ሱቁ ለሁሉም ይሆናል ያለው ዓይነት። ስሙን አልጠራም፤ ለማስታወቂያ አልመጣሁም። ቤት ያናይ ወረድን፤ ንፋሱ ከባሕሩ በኩል ከ15 እስከ 18 ኖት ይነፍስ ነበር። ሦስት ሰው ሆነን ሳይሆን ሦስት ዓይነት ሰው ይዘን ሄድን። የመጀመሪያዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ 17 ዓመቷ፣ 52 ኪሎ፣ ስድስት ትምህርት ብቻ የወሰደች። ሁለተኛው ነርስ የሆነ ወንድማችን ነው፤ 41 ዓመቱ፣ 74 ኪሎ፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ከንፋሱ ተቃራኒ እየወጣ ወደ ተነሣበት ይመለሳል፣ ግን አይዘልም። ሦስተኛው እዚህ መሐላችሁ የተቀመጠ ጎረምሳ ነው፤ 88 ኪሎ፣ ዘሎ ከፍ የሚል። አንድ ካይት፣ አንድ ባር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ።

ውኃ ሳንገባ አሸዋው ላይ ብዙ ቆየን። ይኼን ክፍል ወጣቶች ስለሚሰለቹት እኔ ደግሜ ደጋግሜ እናገረዋለሁ። ትቦውን በፓምፕ ስትሞሉ ቫልቩ አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ፒኤስአይ ነው፣ ፒኤስአይ የአየር ግፊት መለኪያ ነው፤ ትንሽ ካይት የበለጠ ይፈልጋል። ሲሞላ በመሐል ጣታችሁ ጥፍር ንኩት። እንዲህ! ከበሮ እንደሚመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። ዱልዱም ድምፅ ከሰጠ አልሞላም። ምን ችግር አለው ትሉኛላችሁ? ለስላሳ ትቦ ንፋስ ሲመጣ ይታጠፋል፤ ውኃ ላይ ሲወድቅ አይንከባለልም፤ ከዚያ "ይኼ ካይት አይነሣም" ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። ጥፋቱ ግን የፓምፑ ነው፤ ሰውየው ደክሞት ሃያ ምት ቀርቶት ነው።

ቀጥሎ ገመዶቹ። የአራቱንም ጫፍ አንድ ችካል ላይ አስራችሁ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ባሩን ወጥሩት። ባሩ ቀጥ ብሎ ቆመ? አራቱም እኩል ተወጠሩ? የፊት ገመዶች ብዙ ጉልበት ስለሚሸከሙ በጊዜ ብዛት ከኋላዎቹ ይልቅ ይረዝማሉ። የፊቱ ሲረዝም የኋላው አጠረ ማለት ነው፤ ካይቱ ሁልጊዜ እንደተሳበ ይቆያል፤ ታንቆ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ካይት በርካሽ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛም በዚያን ቀን ስንለካ ግራው የፊት ገመድ ሁለት ጣት ያህል ረዝሞ አገኘነው፤ ቋጠሮውን አስተካክለን ነው የጀመርነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ሁለተኛው ነጥቤ፦ ካይቱን ሆን ብላችሁ ተሳሳቱበት።

ጀማሪ የሚሳሳተው ምንድን ነው? ሰው ሲፈራ ይጨብጣል፣ ይስባል። ሕፃን ልጅ ሲደነግጥ የእናቱን ቀሚስ እንደሚይዘው ነው። ካይት ላይ ግን መሳብ ማለት ነዳጅ መርገጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ይኼ ነው፦ ካይቱን ከራሳችሁ በላይ፣ እንደ ሰዓት ብንቆጥረው 12 ላይ አቁሙትና ባሩን እስከ ሆዳችሁ ሳቡት። ምን ሆነ? አንዳንዱ ይታነቅና ወደ ኋላ ይወድቃል። አንዳንዱ ትንሽ ከብዶ እዚያው ይቆማል። ሁለተኛ ፈተና፦ ባሩን ጭራሽ ልቀቁት። ጉልበቱ እስከምን ይወርዳል? ዝም ይላል ወይስ እየተንቀጠቀጠ መጎተቱን ይቀጥላል? ሦስተኛ፦ ውኃ ላይ ጣሉት። አዎ፣ ጣሉት! በፊት ለፊቱ ይደፋ። ከዚያ አንዱን የኋላ ገመድ ብቻ ይዛችሁ ሳቡ፤ በጫፉ ተንከባሎ ወደ ንፋሱ ዳር ሄዶ መነሣት አለበት። በስንት ሰከንድ ተነሣ? ማን ሲይዘው ተነሣ?

የእህቴን ልጅ አምስት ጊዜ እንድትጥለው አደረግናት። ጊዜውን በስልክ ያዝኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ፈጀባት፤ አምስተኛው ላይ ስምንት ሰከንድ። ሦስተኛው ላይ ግን ደንግጣ ሁለቱንም የኋላ ገመዶች እኩል ሳበች፤ ካይቱ ወደ ኋላ ውኃውን እየቀዘፈ ተንፏቀቀ እንጂ አልዘለለም፣ አልጎተታትም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ጨው ነበር፤ "አጎቴ፣ ይጠብቀኛል" አለችኝ። እኔ በዚያ ቃል ነው ካይቱን ያመንኩት።

ለምን ይኼን ያህል እጨነቃለሁ? እዩ፣ ይኼ ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያ ካይቴን ከአንድ ሰው ሁለተኛ እጅ ገዛሁ። ባለ 12፣ የድሮው የላቲኑን ሲ (C) ፊደል የሚመስል ቅርፅ፤ ገመዱ በቀጥታ ጫፉ ላይ የሚታሰርበት፣ ባሩን ብትለቁት እንኳ ጉልበቱ ብዙ የማይበርድ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005፣ የቀስት ቅርፅ ያላቸው ካይቶች ገበያ ላይ ወጥተው ነበር፤ እነሱ ባሩ ሲለቀቅ ጉልበታቸው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። እኔ ግን የማውቀው ነገር የለም፤ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ገዛሁ። የሸጠኝ ሰው "ለሁሉም ይሆናል" አለኝ። ይኸው ቃል! ንፋሱ ሲበረታ ከአሸዋው ላይ አነሣኝ። ካይቱን የሚለቀውን የአደጋ ጊዜ መፍቻ ገፋሁት፤ በጨውና በአሸዋ ደርቋል፣ አልፈታም አለ። አርባ ሜትር ያህል አሸዋ ለአሸዋ ጎተተኝ። ክርኔ ተሰብሮ ሦስት ወር ሥራ አልገባሁም። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ክንዴን ይዛ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ልጄ፣ እሱ አልለቅህ ሲል አንተ በምን ትለቀዋለህ?"

ስለ ካይት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። በምን ትለቀዋለህ? ዛሬ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ካይት መፍቻ ብቻ የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ አይኤስኦ 21853 ይባላል። ሱቅ ስትሄዱ ባሩ ይኼን ያሟላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሰምታችሁ ግን አትመኑ፤ ራሳችሁ ግፉት። አሸዋው ላይ ካይቱ ሳይነሣ አሥር ጊዜ ፍቱት፣ አሥር ጊዜ መልሳችሁ ግጠሙት። ጓንት አድርጋችሁ፣ እጃችሁን አርጥባችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። ከዚያ ውኃ ውስጥ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ካይቱ በርዶ እያለ ፍቱት። መፍቻው ሲለቅ ካይቱ በአንድ የፊት ገመድ ብቻ ተንጠልጥሎ እንደ ባንዲራ እየተርገበገበ መውደቅ አለበት። የእኔ የእህት ልጅ ትንሽ እጅ አላት። ትልቅ ሰው በአንድ ግፊት የሚፈታውን እሷ በሁለተኛው ነበር የፈታችው። ይኼን ባትሞክረው በምን እናውቅ ነበር?

ሦስተኛው ነጥቤ ትንሽ ከበድ ይላል፤ ታገሡኝ። ይኼው አንድ ካይት፣ ይኸው አንድ ጠባዩ፣ ለአንዱ ምስጋና ለሌላው ክስ ይሆናል።

ሦስቱም ከውኃ ሲወጡ አንድ በአንድ ለየብቻ ጠየቅኳቸው፤ አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ። "ሲዞር እንዴት ነው?" ልጅቷ "ጊዜ ይሰጠኛል፣ ወዴት እንደሚሄድ አየዋለሁ" አለች። ነርሱ "ልክ ነው" አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ጎረምሳው "ያንቀላፋል፤ ስጠራው ዘግይቶ ይመጣል" አለ። ሦስቱም ስለ አንድ ካይት ነው የሚያወሩት! ጀማሪ ቀስ ብሎ የሚዞር ካይት ይፈልጋል፤ ስህተቱ ሲመጣ እያየ እንዲያርም። ዘላዩ ከውኃው ሲነሣ ካይቱን በፍጥነት ወደ ኋላ መላክ፣ ከዚያ ሳይዘገይ ራሱ ላይ መመለስ አለበት፤ ካይቱ ከዘገየበት የሚያርፈው በጀርባው ነው።

የባሩ ክብደትም እንዲሁ ነው። ባሩ እጃችሁ ላይ ሲጎትት ካይቱ የት እንዳለ ሳታዩት ታውቃላችሁ። በጣም ከቀለለ ጀማሪው አንገቱን ቀና አድርጎ ሲፈልገው ይውላል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው አያይም። በጣም ከከበደ ደግሞ ነርሱ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ የመጣ ሰው ነው፤ በአንድ ሰዓት ክንዱ ይዝላል። የሞከርነው ካይት መካከለኛ ነበር፤ እዚህ ላይ ሦስቱም ተስማሙ። ለጋራ ካይት ዋጋ ያለው እንዲህ ያለ ስምምነት ነው።

ጎረምሳው ሌላም አለ፤ "ጉልበት የለውም" አለ። እዚህ ላይ ተከራከርኩት፤ አሁንም ፊት ለፊቱ እከራከረዋለሁ። ወንድሜ፣ አንተ 88 ኪሎ ነህ፤ በ15 ኖት ባለ 10 ካይት ለአንተ ትንሽ ነው፤ ባለ 12 ያስፈልግህ ነበር። እሷ 52 ኪሎ ናት፤ ለእሷ ያው ካይት 18 ኖት ሲደርስ ከበቂ በላይ ነበር፤ ባሩን ለቅቃ ነበር የምትጋልበው። ስለዚህ ያ ወቀሳ በመጠኑ ላይ እንጂ በካይቱ ላይ አይደለም። ካይት ስትፈትኑ መጠንና ጠባይን አታደባልቁ። የአንዱን ካይት ባለ 9 ከሌላው ባለ 12 ጋር አታወዳድሩ፤ ትንሹ ሁልጊዜ ፈጥኖ ይዞራል፤ ተፈጥሮው ነው።

ከልጆቹ አንዱ ቅድም በር ላይ ይዞኝ፣ "በኦሎምፒክ ያየነውን ለምን አንገዛም?" አለኝ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ካይት ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷል፤ ውድድሩ የተካሄደው ማርሴይ ባሕር ላይ ነበር። እነዚያ ካይቶች ግን የሚሞላ ትቦ የላቸውም፤ ጨርቁ ራሱ ንፋስ እየዋጠ ነው የሚቆመው። ለውድድር የተሠሩ ናቸው፤ ውኃ ላይ ሲወድቁ የሚያነሣቸው የሠለጠነ ሰው ነው። ለጀማሪ አይሆኑም፤ ለማኅበራችንም አይሆኑም። ግን ጥያቄህን አትተው፤ እዚያ ከደረሱትም ብዙዎቹ በሚንሳፈፈው ነው የጀመሩት።

ታዲያ የቱን እንግዛ? የእኔ አስተያየት ይኼ ነው። ሦስት ስትራት ያለው፣ ባሩ ሲለቀቅ በደንብ የሚበርድ፣ የኋላ ገመዱ ማሰሪያ ላይ ከአንድ በላይ ቦታ ያለው። ይኼ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ቋጠሮውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በማዛወር ብቻ ያው ካይት ለልጅቷ ዝግ ያለ፣ ለጎረምሳው ፈጠን ያለ ይሆናል። በዚያ ቀን ቦታውን ቀይረን ጎረምሳው እንደገና ሲሞክረው፣ "አሁን ነቃ" ብሎ ነው የተመለሰው። መጠኑን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ከ60 እስከ 75 ኪሎ ስለሆኑና የበጋው ንፋሳችን ባብዛኛው መካከለኛ ስለሆነ ባለ 10 እመርጣለሁ። ከባዶቹ ወንድሞቻችን ትንሽ ይከፋቸዋል። ይቅር ይበሉኝ፤ ገንዘቡ ሲጠራቀም ባለ 12 ቀጣዩ ይሆናል። እኔ ግን ልጆቻችን በትልቅ ካይት እንዲጀምሩ አልፈቅድም።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆች። ምንም ዓይነት ካይት ቢገዛ፣ ሻርኪያ የምንለው የምሥራቅ ንፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ማንም ልጅ አይገባም። ያ ንፋስ ሰውን ወደ ጥልቁ ይወስዳል፤ ጥሩ ካይትም አይመልሰውም። ዋናተኞች ባሉበትም አይነሣም። ልጃችሁ "በሻርኪያ አልገባሁም" ቢላችሁም፣ የሄደበትን ቀንና ንፋሱን ጠይቁት።

ሁለት ሱቆች ካይት ሊያውሱን ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ባለ 10 ነው። ንፋሱ ከፈቀደ በሚመጣው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ፣ ቤት ያናይ እንገናኝ። የራስ ቁርና የመንሳፈፊያ ጃኬት እኔ አመጣለሁ። ስድስት ሰው እፈልጋለሁ፦ ሁለት ጀማሪ፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሁለት ጎበዝ። ከመግባታችሁ በፊት ሚዛን ላይ ትቆማላችሁ፤ ማንም አይፈር። ሁለቱን ካይት ተመሳሳይ ባር ላይ አስረን፣ ገመዱን ለክተን፣ ንፋሱን በየሩብ ሰዓቱ እየመዘገብን እንፈትናለን። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ትገባለች፤ ተስማምታለች። እናቴም ወንበሯን ይዛ ትመጣለች፤ ሁለቱን መፍቻዎች አሸዋው ላይ በገዛ እጇ ልትሞክራቸው ትፈልጋለች፤ እሷ መፍታት ያቃታትን አንገዛም።

ስም የምትመዘግቡ በጓሮ በኩል ባለው ጠረጴዛ አለሁ። አመሰግናለሁ፤ ቡናው ደርሷል።